አደገኛ የልብ ምትን መሣሪያ እንዴት ለይቶ ይመዘግባል?

የጋይንቷ ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ስፍራ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሕሙም ደረቱ ላይ ኤሌክትሮዶች ቢለጠፉለት፣ የልብ መከታተያው መሣሪያ የጡንቻውን መንቀጥቀጥ ለአደገኛ የልብ ምት ሊወስደው ይችላል። ታዲያ መሣሪያው እውነተኛውን አደጋ የሚለየው በምን ዘዴ ነው?

ልብ በመታ ቁጥር ቆዳ ላይ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ምልክት 1 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። መሣሪያው ይህን አጉልቶ በሴኮንድ፣ ለምሳሌ፣ 250 ጊዜ ይለካል። የሚፈልገውም የታችኛዎቹ የልብ ክፍሎች ሊኮማተሩ ሲሉ የሚታየውን ሹል ጫፍ ነው። ፓን እና ቶምፕኪንስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ዘዴ ከ5 እስከ 15 ኸርዝ ያለውን ምልክት ያስቀርና ሌላውን ያዳክማል። የአገራችን የመብራት መስመር የሚያስከትለው የ50 ኸርዝ ሁከት በዚህ ማጣሪያ ይወገዳል። ቀጥሎ የምልክቱ የለውጥ ፍጥነት ይሰላል፤ ውጤቱም በራሱ ይባዛል። ትልቁ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ከትንሹ እጅግ ስለሚርቅ ጫፉ ጎልቶ ይወጣል።

በሁለት ጫፎች መካከል 200 ልኬቶች ቢቆጠሩ ጊዜው 0.8 ሴኮንድ፣ ምቱም በደቂቃ 75 ይሆናል። 100 ቢቆጠሩ 150 ነው። ይሁንና ትኩሳትም ልብን ስለሚያፈጥን ፍጥነት ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመም የላይኛዎቹን ክፍሎች ምት ሲያዛባ፣ በጫፎቹ መካከል ያለው ጊዜ ሥርዓት ያጣል። ከ0.12 ሴኮንድ የሰፉ ጫፎች በፍጥነት ሲከታተሉ ደግሞ መነሻቸው ብዙውን ጊዜ ከታችኛዎቹ ክፍሎች ነውና ያሳስባል። እነዚህ ክፍሎች በዘፈቀደ መርገብገብ ከጀመሩ ግን የሚቆጠር ጫፍ የለም፤ ልብም ደም መርጨቱን ያቆማል። በኤሌክትሪክ ንዝረት ካልታረመ የመዳን ዕድል በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል።

ምዝገባውን በተመለከተ አንድ እንቆቅልሽ አለ፦ ሐኪሙ ማየት የሚሻው ማንቂያው ከመጮኹ በፊት የሆነውን ነው፤ ያ ጊዜ ደግሞ አልፏል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እኛም እጅግ እናደንቀዋለን። መሣሪያው ዘወትር በክብ ማህደር ላይ ይጽፋል፤ ማህደሩ ሲሞላ አሮጌውን እየደመሰሰ ከመጀመሪያው ይቀጥላል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ 30 ሴኮንዶች፣ ማለትም 7,500 ልኬቶች፣ ምንጊዜም በእጁ ናቸው። አደጋ ሲያገኝ እነዚህን ከመደምሰስ ይጠብቅና ተከታዩን ይጨምርባቸዋል። ሐኪሙም ሁከቱን የቀሰቀሰችውን ያችን አንዲት ምት ማየት ይችላል።

ወደሚንቀጠቀጠው ሕሙም እንመለስ። በጣቱ ላይ ብርሃን አሳልፎ የደሙን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ ከተሰካ፣ እያንዳንዱ የደም ግፊት ማዕበል እዚያ ይታያል። የደረቱ ምልክት ቢታወክም የጣቱ ማዕበል በሥርዓት ከቀጠለ ማንቂያው ሐሰተኛ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በብርድ የቀዘቀዘ ጣት ግን ደም ስለሚያንሰው ይህም ምልክት ይደክማል፤ በደጋ አገር አስቀድሞ እጁን ማሞቅ የሚበጀው ለዚህ ነው።