ምዕራፍ ሰባት፦ የኤስፔራንቶ አነባበብና ተውላጠ ስሞች

ሀ. ምንባብ

(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕዝቦች የሚናገሯቸው ቋንቋዎች አብዛኞቹ ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ ያዳበራቸው ናቸው። አንድ ሰው ተቀምጦ አልነደፋቸውም። ሆኖም በግለሰብ ጥረት ሆን ተብለው የተፈጠሩ ቋንቋዎችም አሉ። ከእነዚህ መካከል በዓለም ላይ ይበልጥ የታወቀውና ብዙ ተናጋሪዎችን ያገኘው ኤስፔራንቶ ነው።

የቋንቋው ፈጣሪ ሉድቪክ ዛመንሆፍ በ1859 በቢያሊስቶክ ከተማ ተወለደ። ከተማዋ ያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ የፖላንድ ናት። በከተማዋ ሩሲያውያን፣ ፖላንዳውያን፣ ጀርመናውያንና አይሁድ አብረው ይኖሩ ነበር። እያንዳንዱ ወገን የየራሱን ቋንቋ ይናገር ስለ ነበር ጎረቤት ጎረቤቱን በጥርጣሬና በጥላቻ ዓይን ይመለከት ነበር። አይሁዳዊው ዛመንሆፍ ይህን እያየ አደገ። ለማንም ወገን የማያደላ የጋራ ቋንቋ ቢኖር ሰዎች ይቀራረባሉ ብሎ በማመን በ1878፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ፣ የመጀመሪያውን ንድፍ ለጓደኞቹ አሳየ። ኋላም የዓይን ሐኪም ሆኖ በ1887 የቋንቋውን መጽሐፍ በዋርሶ አሳተመ። መጽሐፉ የወጣው «ዶክቶሮ ኤስፔራንቶ» በሚል የብዕር ስም ነበር። «ኤስፔራንቶ» ማለት «ተስፋ የሚያደርግ» ማለት ነው። በጊዜ ብዛት ይህ የብዕር ስም የቋንቋው መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ኤስፔራንቶ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ፊደላቱ 28 ሲሆኑ 5ቱ አናባቢዎች፣ 23ቱ ተነባቢዎች ናቸው። ለአንድ ፊደል አንድ ድምፅ፣ ለአንድ ድምፅም አንድ ፊደል ብቻ ተመድቧል። ተጽፎ የማይነበብ ፊደል የለም። የላቲን ፊደል ለ«ሽ»፣ ለ«ች»፣ ለ«ጅ»፣ ለ«ዥ» እና ለ«ኽ» ድምፆች የየራሳቸው ፊደል ስለሌለው፣ ዛመንሆፍ በነባር ፊደላት አናት ላይ እንደ ጣሪያ ያለ ትንሽ ምልክት አኖረ። የአማርኛ ጸሐፊዎችም ከብዙ ዘመን በፊት ተመሳሳይ ብልሃት ተጠቅመዋል፤ ከ«ሰ» «ሸ»ን፣ ከ«ተ» «ቸ»ን፣ ከ«ደ» «ጀ»ን፣ ከ«ዘ» «ዠ»ን፣ ከ«ከ» «ኸ»ን ያወጡት በፊደሉ ላይ ምልክት በመጨመር ነው።

አማርኛ ሰባት አናባቢዎች ሲኖሩት ኤስፔራንቶ ያለው አምስት ብቻ ነው። እነዚህም «ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ሎ» በሚባልበት ጊዜ የሚሰሙት ናቸው። የግዕዙና የሳድሱ አናባቢ፣ ማለትም በ«ለ» እና በ«ል» የሚሰሙት፣ በኤስፔራንቶ አይገኙም። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ተነባቢዎች ተከታትለው ሲመጡ በመካከላቸው ወይም በፊታቸው ሳድስ እንዳይጨምር መጠንቀቅ አለበት። ለምሳሌ «መንገድ» ማለት የሆነው ቃል «ስትራቶ» እንጂ «እስትራቶ» ተብሎ አይነበብም። እንዲሁም «ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ» የሚያሰሟቸው ድምፆች በኤስፔራንቶ የሉም።

ስለ መጥበቅና መላላትም አንድ ልዩነት አለ። በአማርኛ «ገና» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደትን በዓል ያመለክታል፤ አጻጻፉ ግን አንድ ነው። በኤስፔራንቶ የሚደገም ተነባቢ ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ አንባቢው አይጠራጠርም። በንግግርም የድምፅ ጫና ምን ጊዜም ከመጨረሻው ክፍለ ቃል በፊት ባለው ላይ ያርፋል። «አባት» በሚለው «ፓትሮ» ጫናው በ«ፓ» ላይ፣ «ቤተሰብ» በሚለው «ፋሚሊኦ» ደግሞ በ«ሊ» ላይ ነው።

ይህ ሥርዓት በተግባር የተፈተነው በ1905 ነው። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የኤስፔራንቶ ጉባኤ በፈረንሳይ አገር በቡሎኝ ሱር ሜር ከተማ ሲደረግ 688 ሰዎች ተገኙ። ብዙዎቹ ቋንቋውን የተማሩት ከመጽሐፍ ነበር። እርስ በርሳቸው ግን ያለ አስተርጓሚ ተነጋገሩ።

የኤስፔራንቶ ተውላጠ ስሞች ጥቂቶች ናቸው፤ ሁሉም በ«ኢ» ድምፅ ያልቃሉ።

ሚ፦ እኔ
ቪ፦ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ
ሊ፦ እሱ
ሺ፦ እሷ
ጂ፦ ለዕቃና ለመሳሰለው የሚነገር
ኒ፦ እኛ
ኢሊ፦ እነሱ
ኦኒ፦ ሰው በጠቅላላው
ሲ፦ ራሱ፣ ራሷ፣ ራሳቸው

ተውላጠ ስሙ ተሳቢ ሲሆን «ን» ይጨመርበታል፤ «ሚን» እኔን፣ «ሊን» እሱን ማለት ነው። በዚህ ረገድ ከአማርኛ ጋር መግጠሙ ለተማሪው ይጠቅማል። አገናዛቢ ሲሆን ደግሞ «አ» ይጨመርበታል፤ «ሚአ» የእኔ፣ «ሊአ» የእሱ ይሆናል። «ኦኒ ዲራስ» ሲባል ተናጋሪው ሳይለይ «ይባላል» እንደ ማለት ነው።

በአማርኛ ግሡ ራሱ ባለቤቱን ያመለክታል። «አያለሁ፣ ታያለሽ፣ ያያሉ» ሲባል ተውላጠ ስም ባይጨመርም ማን እንደሚያይ ይታወቃል። የኤስፔራንቶ ግሥ ግን በመደብ አይለወጥም፤ «ሚ ቪዳስ፣ ቪ ቪዳስ፣ ኢሊ ቪዳስ» ይባላል። ስለዚህ ተውላጠ ስሙ ከተተወ ባለቤቱ አይታወቅም። በሌላ በኩል «ቤቱን ያያል» የሚለው የአማርኛ ዐረፍተ ነገር የማን ቤት እንደሆነ አይለይም። ኤስፔራንቶ ግን ሁለቱን ይለያል፦ «ሊ ቪዳስ ሲአን ዶሞን» የራሱን ቤት ያያል፣ «ሊ ቪዳስ ሊአን ዶሞን» የሌላውን ሰው ቤት ያያል ማለት ነው።

ይበልጥ የሚያስተውሉት ልዩነት በ«ቪ» ላይ ይታያል። አማርኛ ተናጋሪ አንድን ሰው ከማነጋገሩ በፊት ወንድነቱን ወይም ሴትነቱን፣ ዕድሜውንና ክብሩን መለየት አለበት። ሽማግሌን «አንተ» ማለት እንደ ስድብ ይቆጠራል። በኤስፔራንቶ ግን ሕፃኑም አያቱም «ቪ» ናቸው፤ «እሳቸው» የሚባል የአክብሮት መጠሪያም የለም። ለአንድ ሰው ብቻ የሚነገር «ትሲ» የሚባል ቃል ቢኖርም እምብዛም አይሰማም። አክብሮት የሚገለጸው ለወንድ «ሲንዮሮ»፣ ለሴት «ሲንዮሪኖ» የሚሉትን መጠሪያዎች በመጨመርና በአነጋገር ለዛ ነው። ስለዚህ በአንዱ ቋንቋ ሰዋስው የሚሸከመውን አክብሮት በሌላው ተናጋሪው ራሱ ይሸከመዋል።

ዛመንሆፍ በ1917 ዐረፈ። ከእሱ በኋላ የደረሰው ግን ተስፋውን የሚፈታተን ነበር። ወንድ ልጁ አዳም በ1940 በናዚዎች ተረሸነ። ሴቶች ልጆቹ ዞፊያና ሊዲያም በ1942 በትሬብሊንካ የሞት ሰፈር ተገደሉ። ሊዲያ በልዩ ልዩ አገሮች እየተዘዋወረች ኤስፔራንቶን ያስተማረች ነበረች። የጋራ ቋንቋ ለመግባባት መንገድ ይጠርጋል፤ በመንገዱ ለመሄድ ግን የሰው ፈቃድ ያስፈልጋል። ቋንቋው ከዚያ ሁሉ መከራ ተርፎ እስከ ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ይነገራል።

ለ. የቃላት ፍቺ

ንድፍ፦ የአንድ ሥራ የመጀመሪያ ቅርጽ
የብዕር ስም፦ ደራሲ በእውነተኛ ስሙ ፈንታ የሚጠቀምበት ስም
ተሳቢ፦ ድርጊቱ የሚያርፍበት
አገናዛቢ፦ ባለንብረትነትን የሚያመለክት
ለዛ፦ የአነጋገር ጣዕም

ሐ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።

1. ዛመንሆፍ አዲስ ቋንቋ ለመፍጠር ያነሳሳው ምን ነበር?
2. አማርኛ ተናጋሪ «ስትራቶ» የሚለውን ቃል ሲያነብ ሊሳሳት የሚችለው ለምንድን ነው?
3. በኤስፔራንቶ ተውላጠ ስምን መተው የማይቻልበትን ምክንያት ከአማርኛ ግሥ ጋር እያነጻጸራችሁ አስረዱ።

መ. መልመጃ

1. «ቪዳስ» የሚለውን ግሥ በመጠቀም የሚከተሉትን ወደ ኤስፔራንቶ መልሱ፦ (ሀ) እሱ እሷን ያያል። (ለ) እኛ እነሱን እናያለን። (ሐ) እኔ እርስዎን አያለሁ።
2. «አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» በ«ቪ» ዓይነት አንድ ቃል ቢተኩ አማርኛ ምን ያገኛል? ምንስ ያጣል? በክፍል ውስጥ ከተከራከራችሁ በኋላ ሐሳባችሁን በሁለት አንቀጽ ጻፉ።