ከጎዴ በፊት ሌኪ

ልጄ፣ ጎዴ ላይ የመሠረት ድንጋይ በተጣለለት የዩሪያ ፋብሪካ ለመቀጠር እንደቆረጥክ እናትህ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ማዳበሪያ በመግዛትና በማጓጓዝ እንጂ በማምረት አይደለም፤ ስለዚህ የምመክርህ በገዢ ዓይን ነው። ከመሄድህ በፊት ናይጄሪያን አጥና፤ የፋብሪካው ዋና ባለድርሻ ዳንጎቴ የመጣው ከዚያ ነውና። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

1. ከሁሉ አስቀድመህ ስለ ጋዙ ጠይቅ። ናይትሮጂን ከአየር ይገኛል፤ ለአየር ማንም ሒሳብ አይጠይቅህም። ሃይድሮጂኑ ግን የሚወጣው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ሁለቱ በብርቱ ሙቀትና ግፊት ተዋህደው አሞኒያ ይሆናሉ፤ አሞኒያው ከዚያው ከጋዙ ከተገኘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲቀናበር ዩሪያ ይወጣል። አሞኒያ ለማምረት ከሚወጣው ወጪ ከግማሽ በላዩን የሚበላው ጋዙ ነው። በሰኔ 2025 እስራኤል ከኢራን ጋር በገባችው ጦርነት የጋዝ ማውጫዎቿን ስትዘጋ የግብፅ ዩሪያ ፋብሪካዎች ቆሙ። ማሽን አልተሰበረም፣ ሠራተኛም አልቀረም፤ የቀረው ጋዙ ነው። ስለዚህ ጋዙ በስንት፣ በየትኛው ገንዘብና ለስንት ዓመት ውል እንደታሰረለት ሳታውቅ በፋብሪካው ግዝፈት አትደነቅ።

2. ጋዝ መኖሩ ብቻውን አያኩራራህ። በጋዝ ክምችት ከአፍሪካ አንደኛዋ ናይጄሪያ ናት፤ ሆኖም ከነዳጅ ጋር የሚወጣውን ጋዝ ኒጀር ዴልታ ላይ ስታቃጥል ብዙ ዓመት ኖራለች። በ1980ዎቹ ኦኔ ላይ የተቋቋመው የመንግሥት ፋብሪካ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራ አቆመ፤ በ2005 ለግል ባለሀብት ተሸጠ። ነገሩ መልክ የያዘው ኢንዶራማ የተባለው ኩባንያ ኤሌሜ ላይ በ2016 አንድ፣ በ2021 ሌላ መስመር ሲከፍት ነው፤ እያንዳንዳቸው በዓመት 1.4 ሚሊዮን ቶን ያመርታሉ። በመጋቢት 2022 ደግሞ ፕሬዚዳንት ቡሃሪ ሌጎስ አጠገብ ሌኪ ላይ የዳንጎቴን ፋብሪካ መረቁ፤ አቅሙ 3 ሚሊዮን ቶን፣ ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር። እኛም ብንሆን ያዩ ላይ ከድንጋይ ከሰል ዩሪያ እናመርታለን ብለን ጀምረን ሳንጨርስ ቀርተናል። እሱን ለምን እንዳልሆነ ጠይቀህ ሂድ።

3. ካርታ ዘርጋ። ሌኪ ባሕር ዳርቻ ናት፤ ዩሪያው መርከብ ላይ ይጫንና ወደ ብራዚል ይሄዳል። ጎዴ ግን ከባሕር የራቀች ናት፤ ጋዙም ከካሉብና ከሂላላ በቧንቧ ሊመጣላት ነው። የታቀደላት እንደ ሌኪ 3 ሚሊዮን ቶን ነው፤ አገራችን በዓመት የምትገዛው ዩሪያ ከዚህ ያንሳል። የተረፈው በየትኛው መንገድ፣ በየትኛው ወደብ ይወጣል? አለቆችህ ለዚህ የሚሰጡህን መልስ በደንብ ስማ።

4. «አገር ውስጥ ከተመረተ ይረክሳል» ለሚልህ የሰሜን ናይጄሪያዋን ካኖን ጥቀስለት። በ2020 ቶኑ ከ300 ዶላር በታች የነበረው ዩሪያ ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት በ2022 ወደ 900 ዶላር ተጠጋ። ያን ጊዜ የናይጄሪያ አምራች ለብራዚሉ ገዢ በዚያ ዋጋ መሸጥ እየቻለ ለካኖ ገበሬ በምን ምክንያት ይቀንሳል? ገበሬው መርከቡ እየተጫነ ዋጋው አልቀመስ አለኝ ብሎ አማረረ። በ2023 ናይራ ሲወድቅ ደግሞ ባሰበት። በነጋዴው አልፈርድም፤ ዕዳው በዶላር ነው። የምፈርደው ለአገር ውስጥ ገበሬ የሚቀርበውን መጠንና ዋጋ አስቀድሞ ውል ውስጥ ባላስገባ መንግሥት ነው። ግብፅ ፋብሪካዎቿን ከምርታቸው ከፊሉን በቁርጥ ዋጋ እንዲያስረክቡ ታስገድዳለች፤ እሱም መዘዝ አለው፤ በቁርጡና በገበያው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ጥቁር ገበያ ያደራል። የጎዴው ድርሻ 60 በመቶው የዳንጎቴ፣ 40ው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ነው፤ ይህን ጥያቄ ለማንሳት 40 አያንስም።

5. ነጩ ማዳበሪያ፣ ዩሪያው፣ ፎስፌት ያለበትን ጥቁሩን አይተካም። ፎስፌት ከጋዝ አይሠራም፤ ናይጄሪያም ዩሪያ እየሸጠች ፎስፌት ከሞሮኮ ትገዛለች።

6. ከረጢቱን እወቀው። 46 የሚለው ቁጥር የናይትሮጂኑ መቶኛ ነው፤ በ50 ኪሎ ውስጥ 23 ኪሎ ማለት ነው። እጅህን ስታስገባ ፍሬው በጣቶችህ መሃል ተንሸራትቶ ካለፈ ደህና ነው። እርጥበት ካገኘው ይጋገራል፤ ገበሬው በዱላ እየፈረካከሰ ይበትነዋል፤ አንዱ ቡቃያ ይቃጠላል፣ ሌላው ይቀጭጫል። ለመጋዘን ጣሪያ የሚወጣ ገንዘብ ብክነት ነው የሚል የሒሳብ ሰው ካጋጠመህ አትልቀቀው። ሌላም አለ፦ ዩሪያ ለፈንጂ ስለሚውል ናይጄሪያ ቦኮ ሐራም ባለበት በቦርኖና በአካባቢው ሽያጩን ገድባለች፤ በዚህም የተጎዳው ገበሬው ነው።

7. የኒጀር ዴልታ ሰው ጋዙ ደጁ ላይ ሲነድ እያየ ነው የከረመው፤ ቅሬታው እስከ ዛሬ አልበረደም። አንተ የምትሠራው በሶማሌ ምድር ነው። ደመወዝህን ከመደራደርህ በፊት ሶማሊኛ መማር ጀምር።