ሁለት ጎረቤታም ሐይቆች

ከአዲስ አበባ ተነሥተን በዝዋይ በኩል ወደ ሻሸመኔ ስንጓዝ፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን በስተቀኝ የአብያታ-ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክን እናገኛለን። በስተግራ ያለውን ላንጋኖን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ግን ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ አስፋልቱን ትተን በአቧራማው መንገድ ወደ ቀኝ እንታጠፍ።

መንገዱ በግራር ዛፎች መካከል ያልፋል። ሰጎን፣ ከርከሮና የሜዳ ፍየል ይታያሉ። ግራሩ ግን እንደ ድሮው ጥቅጥቅ ያለ አይደለም፤ ብዙው ለከሰልና ለእርሻ ተቆርጧል። በሁለቱ ሐይቆች መካከል ካለው ከፍታ ላይ መኪናውን ብናቆም ሁለቱንም ባንድ ጊዜ እናያቸዋለን፦ በሰሜን አብያታን፣ በደቡብ ሻላን።

ጎረቤታሞች ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሻላ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሬቱ በተደረመሰበት ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል። በዳርቻው እጅ የሚያቃጥል ፍል ውሃ ይፈልቃል። አብያታ ግን ሰፌድ ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ዝርግ ነው። ስለዚህ ውሃው ትንሽ ሲቀንስ ዳርቻው ብዙ ይርቃል።

ወደ አብያታ ዳር ስንወርድ ይህን በዓይናችን እናያለን። መኪናውን ራቅ አድርገን አቁመን በእግራችን እንሄዳለን። ነጩ መሬት ከላይ ሲያዩት ደረቅ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ጭቃ ነው፤ ጎማ ይውጣል። ይህ የምንረግጠው ሜዳ ቀድሞ የሐይቁ ወለል ነበር። በ1960ዎቹ የአብያታ ስፋት 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ግማሹ ግድም ወረደ።

ታዲያ ውሃው የት ሄደ? መልሱን ዳርቻው ላይ ቆመን ብንፈልግ አናገኘውም። የአብያታ ውሃ የሚመጣው ከሩቅ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ የቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ ደግሞ የሆራ ከሎ ወንዝ ይገቡለታል። ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። በዝዋይና በቡልቡላ ዙሪያ ውሃው ለመስኖ ይሳባል። ከራሱ ከአብያታም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃ ሲሳብ ቆይቷል። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ ጥፋተኛ ነው ልንል አንችልም፤ እሱም ልጆቹን ያበላል። ነገር ግን ሁሉም ከላይ ሲቀዳ ታች ያለው ይደርቃል።

ውሃ ሲያንስ ጨው ይበረታል። ጨው ያለበትን ወጥ እሳት ላይ ረስተነው ውሃው ሲመጥ፣ የጨመርነው ጨው ያው ሆኖ ሳለ ወጡ አይበላም። አብያታም እንዲሁ ሆነ። ጨዉ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። ፔሊካን የሚባለው ትልቅ ነጭ ወፍ ጎጆውን የሚሠራው በሻላ ደሴት ላይ ሲሆን፣ ዓሣ የሚለቅመው ግን ከአብያታ ነበር። መኖሪያው ሳይነካ ማዕዱ ጠፋበትና ቁጥሩ ተመናመነ። ሮዝ ቀለም ያለው ፍላሚንጎ በጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ደቃቅ አልጌ ስለሚበላ በዳርቻው ይታያል። እሱን ያየ መንገደኛ፣ «ሐይቁ ደህና ነው» ብሎ ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ አንድን ሐይቅ ለመጠበቅ ዙሪያውን ማጠር ብቻ አይበቃም። ከላይ የሚቀዳውና ከታች የሚጠብቀው ተነጋግረው ውሃውን በልክ መካፈል አለባቸው። በየመንደራችን ያለው ወንዝም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም።

ጥያቄዎች

1. ወደ አብያታ ውሃ የሚያመጡት ወንዞች ስማቸው ማን ነው?
2. ሐይቁ ሲቀንስ ውሃው ለምን ይጨዋል?
3. በአካባቢያችሁ ያለው ወንዝ ከየት ይነሣል? ከእናንተ በታችስ ማን ይጠጣዋል? ተወያዩበት።