«ላንሳዎት?» እና «ልሽጠው?» ሁለት ጥያቄዎች ናቸው



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ሁላችንም በኪሳችን ይዘነው ስለምንዞረው ነገር እንነጋገር፤ ስለ ካሜራ። ፎቶ ማንሳት በራሱ ስላለው ሑክም ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው። የዛሬው ርዕሳችን ያ አይደለም። ርዕሳችን የሰውን ፊት አንስተን ወደ ገንዘብ ስንቀይረው የሚመጣብን የሰው ሐቅ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐረር ሄጄ ሸዋ በር ገበያ ውስጥ ቅመም የሚሸጡ አንዲት እናት አየሁ። የሻሻቸው ቀለም፣ ፈገግታቸው፣ ከፊታቸው የተደረደረው እርድና በርበሬ ዓይን ይይዛል። «እናቴ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» አልኳቸው። ሳቅ ብለው «አንሳ ልጄ» አሉኝ። አነሳሁ፣ አመሰገንኩ፣ ሄድኩ።

ፎቶውን ስለጥፈው ብዙ ሰው ወደደው። ቆይቶ ቅመም አሽጎ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ደወለልኝ። ፎቶውን ማሸጊያው ላይ ሊያትመው ፈልጓል። የጠራልኝ ዋጋ በዚያን ጊዜ ለእኔ ትልቅ ብር ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ብሩን ሳልቀበለው በልቤ ሌንስ ገዝቼበት ነበር።

ነጋዴው ግን «ሴትዮዋ ተስማምተዋል አይደል?» ሲለኝ «አዎ» ልል ከአፌ መለስኩት። አዎ ብለውኛል፤ ግን ለምኑ?

«ጠይቄ ልንገርህ» አልኩትና ሐረር ስሄድ ፈልጌ አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ «ቅመሙ ሲያልቅ ላስቲኩን የት ይጥሉታል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። «ያኔ አንሳ ያልኩህ ለማስታወሻህ መስሎኝ ነው ልጄ። ፊቴ መንገድ ላይ ሲረገጥ ማየት አልፈልግም» አሉኝ።

ፎቶውን አልሸጥኩትም። ሌንሱም ቀረ። «አዎ» ብዬው ቢሆን ኖሮ ግን እኚያ እናት አንድ ቀን ፊታቸውን ከቆሻሻ መሀል ያገኙት ነበር። «ላንሳዎት?» ለሚለው የተሰጠ እሺታ «ልሽጠው?» ለሚለው መልስ እንደማይሆን ያኔ ገባኝ።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ (4፡29) አንዳችን የሌላችንን ገንዘብ ያለ አግባብ እንዳንበላ ከልክሎ፣ ንግድ በመዋደድና በመስማማት እንዲሆን አዟል። የሰው ምስል እንደ ሌላው ንብረት ይቆጠራል ወይ የሚለውን ዝርዝር ለፊቅህ ሊቃውንት እንተወው። መንፈሱ ግን ግልጽ ነው፤ ከሌላው ሰው በምናገኘው ጥቅም ውስጥ የሰውየው ውዴታ ሊኖር ይገባል።

በሱረቱ አን-ኑር (24፡27-28) ደግሞ የሰው ቤት ሳናስፈቅድና ሰላም ሳንል እንዳንገባ፣ ተመለሱ ከተባልንም እንድንመለስ ታዘናል። ማስፈቀድ ማለት እንግዲህ «አይሆንም» የሚለውን መልስም አክብሮ መቀበል ነው። ሳሎን ግባ የተባለ እንግዳ ደግሞ መኝታ ቤት ግባ አልተባለም፤ አንዱ ፈቃድ ሌላውን አይከፍትም።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ፣ አንድ ሰው በቀዳዳ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ሲመለከት፣ ማስፈቀድ የተደነገገው በዓይን ምክንያት መሆኑን አስተምረዋል። ካሜራ ደግሞ ያየውን የማይረሳ፣ ለማያውቁን ሰዎች ሁሉ የሚያሳይ ዓይን ነው።

የዓለም ሕዝብ የሚያውቃት ልጅ

አረንጓዴ ዓይን ያላትን አፍጋናዊት ልጅ ፎቶ ያላየ ጥቂት ነው። ስሟ ሸርበት ጉላ ይባላል። እ.ኤ.አ በ1984 ፔሻዋር አቅራቢያ በሚገኘው ናስር ባግ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የ12 ዓመት ገደማ ልጅ ሳለች፣ ስቲቭ ማኬሪ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ አነሳት። ፎቶው በሰኔ 1985 የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሽፋን ሆነ። መጽሔቱ በዓለም ዙሪያ ተሸጠ፤ ልጅቷ ግን ስሟ እንኳ አይታወቅም ነበር።

ፎቶ አንሺው ተመልሶ ያገኛት በ2002 ነው። ለ17 ዓመታት ዓለም ሲያየው የነበረውን ፊቷን እርሷ አይታው አታውቅም ነበር። ያን ቀን የምታስታውሰውም መቆጣቷን ነው፤ ሰውየው የማታውቀው ባዳ ነበር፣ ከዚያ በፊትም ፎቶ ተነስታ አታውቅም። በ2012 የዚያ ፎቶ አንድ ትልቅ ሕትመት ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ 178,900 ዶላር ተሸጧል።

ፍትሐዊ እንሁን፤ ከተገኘች በኋላ መጽሔቱ ለቤተሰቧ ሕክምናና ወደ መካ ላደረገችው ጉዞ ወጪ ሸፍኗል፤ በስሟም ለአፍጋን ሴት ልጆች ትምህርት የሚውል ፈንድ ተቋቁሟል። ይህ መልካም ነው። ግን ዘግይቶ የመጣ መልካም ነገር መጀመሪያ መቅረብ የነበረበትን ጥያቄ አይተካም።

ሕጉስ?

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው» የምንል ካለን፣ የአገራችንን ሕግ እንይ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27፣ የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ቦታ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። እንደ ሕዝባዊ በዓልና ለሕዝብ ጥቅም እንዳለው ክስተት ያሉ ልዩ ሁኔታዎችን ሕጉ ለይቶ አስቀምጧል። ከዚያ ውጭ ግን ባለ ምስሉ ሽያጩ እንዲቆም መጠየቅና ካሳ ማግኘት ይችላል።

እንደ ጌቲ ኢሜጅስና ሸተርስቶክ ያሉ ፎቶ ሻጮችም ፊቱ የሚለይ ሰው ያለበትን ፎቶ ለማስታወቂያ ሥራ ሲቀበሉ የተፈረመ የፈቃድ ቅጽ ይጠይቃሉ፤ ለልጅ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርማል። ቅጹን ራሱ ሞልቶ፣ በማያውቀው ሰው ስም ራሱ ፈርሞ የሚልክ ወንድም ካለ አላህን ይፍራ። በአንድ ወረቀት ላይ የሰው ሐቅም ውሸትም ተደራርበውበታል።

እንዴት እንጠይቅ?

1. ለምን እንደሆነ እንንገር። «ለማስታወሻ»፣ «ለፌስቡክ» እና «ለመሸጥ» የተለያዩ ናቸው። የት እንደሚውል የማያውቅ ሰው ፈቀደ አይባልም።

2. በሚገባው ቋንቋ እንንገር፤ ፎቶውንም እናሳየው። ሊያነበው በማይችለው ወረቀት ላይ አስፈርመን «ፈርሟል» ብንል ከአላህ ፊት አያድነንም።

3. ይሉኝታን እንደ ፈቃድ አንቁጠር። የእኛ ሰው እንግዳን ማሳፈር አይወድም፤ ልቡ ሳይፈልግ «እሺ» ይላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰው ገንዘብ በልቡ ደስታ ካልሰጠው በቀር እንደማይፈቀድ አስተምረዋል። ፊቱም ከገንዘቡ አያንስም። ስለዚህ «አይሆንም» የሚልበት ቦታና ጊዜ እንስጠው።

4. ገንዘብ ካለበት ድርሻውን እንንገረው። አንዳንድ ቦታ ለመነሳት ጥቂት ብር ይከፈላል፤ ያ ብር ግን የመሸጫ ፈቃድ ዋጋ አይደለም።

5. ሠርግ የምታነሱ፣ በተለይ ስሙኝ። የተከፈላችሁ ለሥራችሁ ነው። የሙሽራዋን ምስል ወይም በሴቶች በኩል የተነሳውን ለሥራችሁ ናሙና ብላችሁ ብትለጥፉት እርሱም ንግድ ነው። ያ ምስል አማና ነው፤ ሳታስፈቅዱ አታውጡት።

6. ችግር ላይ ያለን ሰው ስናነሳ እጥፍ እንጠንቀቅ። የታመመ፣ የተራበ፣ የተፈናቀለ ሰው እምቢ ለማለት አቅም የለውም። እርዳታው እንዳይቀርበት ፈርቶ የሚሰጠን ፈቃድ ፈቃድ ነው ወይ?

ሸጬው ከሆነስ?

ተውባ በሩ ክፍት ነው። ግን የሰው ሐቅ ያለበት ኃጢአት በኢስቲግፋር ብቻ አያልቅም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወንድሙን የበደለ ሰው ዲናርም ዲርሃምም ከማይጠቅምበት ቀን በፊት ዛሬውኑ ይቅርታ እንዲጠይቅ መክረዋል። ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲሥም፣ ሰላትና ጾም ይዞ መጥቶ መልካም ሥራው ለበደላቸው ሰዎች ተከፋፍሎ የሚያልቅበትን ሰው እውነተኛ ከሳሪ ብለውታል።

ስለዚህ ሰውየውን ማግኘት ከቻልን እናግኘው፣ እንንገረው፣ ያስደስተው ዘንድ ከገንዘቡ እንስጠው። ምስሉ እንዲወርድ ከፈለገም እናውርድ። ልናገኘው ካልቻልን ፎቶውን ከሽያጭ አውጥተን ዱዓ እናድርግለት፤ በእጃችን ስላለው ገንዘብ ደግሞ የምናምነውን ዓሊም እንጠይቅ።

ዛሬ ሱረቱል ካህፍን ቀርተን፣ በነቢዩ ላይ ሰለዋት አብዝተን ስንጨርስ፣ ስልካችንን ከፍተን ፎቶዎቻችንን እንመልከት። ከእነዚያ ፊቶች መካከል «ለዚህ መቼ ፈቀድኩህ?» ሊለን የሚችል አለ? ካለ፣ ዛሬውኑ እንደውልለት።

አላህ ዓይናችንንም እጃችንንም ከሰው ሐቅ ይጠብቅልን፤ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን። አሚን።