በጥቁር መኪና ላይ የሚታይ ጭረት

ለቤት ሥራ ተቀጥረን ስንመጣ መኪና ማጠብ ይጨመርበታል ብለን ያሰብን ጥቂቶች ነን። ሆኖም በማለዳ ባልዲ ይዘን ጥቁር መኪና ፊት የምንቆም ብዙ ነን። ጥቁር መኪና ደግሞ ምንም አይደብቅም። ጭረቱ ብርሃን ስለሚበትን ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል፤ በነጭ መኪና ላይ ቢሆን ልብ የሚለው አይኖርም ነበር።

«አንቺ ነሽ የቧጨርሽው» ተብሎ ከደመወዛችሁ እንዳይቆረጥ፣ ከማጠባችሁ በፊት መኪናውን ዞራችሁ እዩ። የቆየ ጭረት ካለ ውኃ ሳይነካው ለማዳም አሳዩ። «ማዳም፣ ፊ ኸድሽ ቢስ-ሰያራ» (መኪናው ላይ ጭረት አለ) ማለት ይበቃል።

አጥፊው ብትባሉስ? በአብዛኞቹ መኪኖች ከቀለሙ በላይ እንደ መስታወት የሚያሳልፍ ስስ ልባስ አለ። ውፍረቱ የአንድ ወረቀት ግማሽ ያህል ነው። ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ በቀስታ አሳልፉ። ጥፍሩ ካልተያዘ ጭረቱ ከልባሱ ስላላለፈ በእጅ ሊደበዝዝ ይችላል። ጥፍሩን ከያዘው ወይም ከሥር ሌላ ቀለም ካሳየ ግን የጋራዥ ሥራ ነውና አትንኩት፤ ይህንኑ ለማዳም ንገሩ።

ቀላሉንም ቢሆን ሳይፈቀድላችሁ አትጀምሩ። መኪናው በጥላ ሥር ይሁን፣ ብረቱም ይቀዝቅዝ፤ በጋለ ብረት ላይ ፖሊሹ ወዲያው ይደርቃል። ቦታውን አጥባችሁ አድርቁ። ለመኪና ቀለም የተሠራ የጭረት ማጥፊያ ፖሊሽ በለስላሳ ጨርቅ ላይ የባቄላ ፍሬ ያህል አድርጉ። መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩት። ከዚያ ከመዳፍ ባልበለጠ ስፍራ ላይ ሳትጫኑ እሹ፣ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉና በብርሃን እዩት። ሁለት ሦስት ጊዜ ደግማችሁ ካልጠፋ ይብቃችሁ፤ ልባሱ ካለቀ አይመለስም። በተለይ የበሩ ጠርዝ ላይ ልባሱ ስስ ስለሆነ አትሹት።

የጥርስ ሳሙና ይሠራል የሚሉ አሉ። በጥቁር ቀለም ላይ ደብዛዛ ምልክት ሊተው ስለሚችል እኛ አንመክርም። የድስት መፈግፈጊያማ ጨርሶ አይቅረብ!

አብዛኛው ጭረት የሚመጣው ግን ከእጥበቱ ነው። በዚህ አገር በመኪና ላይ የሚያርፈው አቧራ አሸዋ አለበት፤ በደረቁ መጥረግ በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈተግ ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ብዙ ውኃ አፍስሱበት። አንዱን ባልዲ ለሳሙናው፣ ሌላውን ጨርቁን ለማለቅለቅ ያዙ። መሬት የወደቀ ጨርቅ ደግሞ ታጥቦ እስኪጠራ ድረስ ወደ መኪናው አይመለስ።