ኮርስ ስናቅድ ከየት እንጀምር?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። በከፍተኛ ትምህርትም ብዙ ኮርስ የሚታቀደው በሩጫ ነው። መምህሩ የመጽሐፉን ማውጫ ይገለብጥና ከምዕራፍ 1 ይጀምራል፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ምዕራፍ 4 ላይ ነው፤ የቀረውን «አንብቡት» ብሎ ይወጣል። ዕዳው ግን የተማሪው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በመውጫ ፈተና 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም።

አሜሪካዊው ራልፍ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ አራት ጥያቄዎች አንሥቷል። ዓላማው ምንድን ነው? ለዚያ የሚበጀው የትኛው የትምህርት ልምድ ነው? እንዴት ይደራጅ? መሳካቱስ በምን ይታወቃል?

በድሬዳዋ ምሳሌ እንያቸው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ። ዩኒቨርሲቲው ማስተማር የጀመረው በማግስቱ ዓመት ነው። እንግዲህ እዚህ የሃይድሮሎጂ ኮርስ የሚያቅድ መምህር ምን ያድርግ?

1ኛ/ ዓላማ፦ «ስለ ጎርፍ ማወቅ» አይለካም። «ከዝናብ መረጃ ተነሥቶ የጎርፉን መጠን ያሰላል፤ ውሃው የሚደርስበትን በካርታ ያሳያል» ይበል።

2ኛ/ መመዘኛ፦ የታይለርን የመጨረሻ ጥያቄ ወደዚህ እናምጣው። ዓላማው «ያሰላል» ካለ፣ ፈተናው «ዘርዝሩ» ብቻ ሊሆን አይገባም።

3ኛ/ ልምድ፦ በበጋ ደረቁ አሸዋ ራሱ ቤተ ሙከራ ነው። ተማሪው ወርዶ ስፋቱን ይለካ፣ የግንቡን ከፍታ ይመዝግብ፤ ያንኑ ቁጥር ክፍል ውስጥ ያስላው።

4ኛ/ አደረጃጀት፦ መጀመሪያ ዝናብ፣ ቀጥሎ ፍሰት፣ በመጨረሻ ካርታ። ለዓላማው የማይረዳው ምዕራፍ ቢያሳዝንም ይቀነስ።

ሰዓቱንም እንቁጠር። 1 ኢሲቲኤስ 27 ሰዓት ነው ቢባል፣ የ5 ኢሲቲኤስ ኮርስ 135 ሰዓት ይወስዳል። ከዚህ 48ቱ የክፍል ከሆነ 87ቱ የተማሪው የግል ጥናት ነው። በ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ8 ሰዓት በላይ ይሆናል። ስድስት እንዲህ ያለ ኮርስ የያዘ ተማሪ በሳምንት 50 ሰዓት ይሠራል ማለት ነው። ታዲያ «አንድ አሳይመንት ብጨምር ምን አለበት?» ከማለታችን በፊት ሌሎቹን አምስት መምህራን እናስብ።

መልመጃ፦ የምታስተምሩትን አንድ ኮርስ ውሰዱ። ዓላማውን ደብቁና ፈተናውን ብቻ ለባልደረባ አሳዩት። ኮርሱ ምን ሊያስተምር እንዳሰበ ከፈተናው ከለየ ዕቅዱ ደህና ነው። ካልለየ፣ ሴሚስተሩ ሳይጀመር እንደገና እንታጠቅ።