ከፎገራ ሜዳ ወደ ዴንማርክ የመድረክ ጥበብ ትምህርት ቤት፦ ለወረታ ወጣቶች የዝግጅት መመሪያ

ፎገራ ስሙ የሚነሣው በሩዙና በከብቱ ነው። ነገር ግን በደቦ አረም ላይ ዘፈን የሚያወጣ፣ በሠርግ ቤት እስክስታው የሚወደስለት፣ በትምህርት ቤት ክበብ ድራማ የሚጽፍ ወጣትም ሞልቷል። እንዲህ ያለው ልጅ ባሕር ማዶ ሄዶ የመድረክ ጥበብ ልማር ሲል ትክክለኛውን መንገድ የሚነግረው ሰው በቀላሉ አያገኝም፤ ፈጥኖ የሚያገኘው ደላላን ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእናንተና ለወላጆቻችሁ ነው። ዴንማርክን የመረጥኩት ለጀማሪም በሯን የምትከፍት፣ በዓለም የታወቀ የቴአትር ልምድም ያላት አገር ስለሆነች ነው።

1. የትምህርት ቤቱን ዓይነት ለዩ

በዴንማርክ ሁለት ዓይነት መንገድ አለ። አንደኛው የዴንማርክ ብሔራዊ የመድረክ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በተለያዩ ከተሞች የነበሩ ትምህርት ቤቶች ተዋህደው የመሠረቱት ሲሆን ዲግሪ ይሰጣል። የትወና ትምህርቱ በዴንማርክ ቋንቋ ነው፤ የዳንስና የኮሪዮግራፊው ግን በእንግሊዝኛ ይሰጣል። መግቢያው በችሎታ ፈተና ነው፤ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተማሪ ደግሞ የትምህርት ክፍያ ይጠየቃል።

ሁለተኛው ሆይስኮሌ የሚባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ሐሳቡን ያፈለቀው ግሩንድቪ የተባለው ቄስና ባለቅኔ ሲሆን የመጀመሪያው በ1844 እ.ኤ.አ. በሮዲንግ ተከፈተ። ዛሬ ከ70 በላይ አሉ። ፈተና የለም፣ ማርክ የለም፣ ዲግሪም የለም። ተማሪው እዚያው እያደረ፣ እዚያው እየበላ፣ ለጥቂት ወራት የሚወደውን ሙያ ይለማመዳል። በሲልከቦር ከተማ ያለው ፐርፎርመርስ ሀውስ ለሙዚቃ፣ ለቴአትርና ለዳንስ የቆመ ነው። ዲግሪ የምትፈልጉ ከሆነ ሆይስኮሌ አይሆናችሁም። ራሳችሁን በሌላ መድረክ ለመፈተን ከሆነ ግን የተሻለው መነሻ እሱ ነው።

የሆይስኮሌ ክፍያ በሳምንት ታስቦ አልጋንና ምግብን ይጨምራል። አንዳንዶቹ ለውጭ ተማሪ የክፍያ ድጋፍ ስላላቸው፣ ከማመልከታችሁ በፊት በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ጽፋችሁ ጠይቁ።

2. መጀመሪያ አገር ውስጥ ሥሩ

ባዶ እጁን የሚያመለክት ሰው የሚያሳየው አይኖረውም። ባሕር ዳር ያለውን የሙሉዓለም የባህል ማዕከል ሥራዎች ሄዳችሁ ተመልከቱ። በአካባቢያችሁ ትንሽ ቡድን መሥርቱና ቢያንስ አንድ ሙሉ ሥራ በሰው ፊት አቅርቡ። ውጤታችሁ የሚፈቅድላችሁ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍልንና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን በቅድሚያ አስቡ። ባሕር ማዶ መሄድ አገር ውስጥ የተጀመረን ሥራ ማሳደጊያ ሲሆን ነው ፍሬ የሚያፈራው።

3. ከአካባቢያችሁ የተማራችሁትን በቪዲዮ አዘጋጁ

ብዙ ወጣት ለውጭ ትምህርት ቤት ሲያመለክት ከቴሌቪዥን የቀዳውን ጭፈራ ይልካል። ይህ አይጠቅማችሁም፤ የሚፈለገው የራሳችሁ ነው። ኦዲን ቴአትር የተባለው ቡድን ለብዙ ዓመታት የሠራው በዴንማርኳ ሆልስተብሮ ከተማ ነው፤ መሥራቹ ኤውጄኒዮ ባርባ ራሱ ከጣሊያን የመጣ እንግዳ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. በኦስሎ የመሠረተውን ቡድን በ1966 ወደዚያች ከተማ ወሰደው። ቡድኑ በ1974 በደቡብ ጣሊያን ገጠር ሲሰነብት የራሱን ትርኢት እያሳየ፣ በገንዘብ ፋንታ የመንደሩን ሰው ዘፈንና ጭፈራ ይቀበል ነበር። በዚህ ዓይነት ልምድ ውስጥ የእናንተ ቀረርቶ፣ ፉከራ፣ የአረም ዘፈንና የአዝማሪ ግጥም ትልቅ ዋጋ አለው።

ቪዲዮውን እንዲህ ሥሩ፦

• ርዝመቱ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይሁን፤ ትምህርት ቤቱ የራሱ ደንብ ካለው ያንን ተከተሉ።
• ስልኩን በማይነቃነቅ ነገር ላይ አቁሙ፤ ከእግር እስከ ራስ እንድትታዩ አድርጉ። ቁራጭ እየቀጠላችሁ አታቀናብሩት።
• ጎርፉ በማያስቸግርበት፣ ሩዙ ከተሰበሰበ በኋላ በጥር ወይም በየካቲት ቅረጹ። ጠዋት ነፋሱ ስለማይበረታ የማሲንቆ ድምፅ በደንብ ይሰማል።
• ስማችሁን፣ ቀበሌያችሁንና ዘፈኑ መቼ እንደሚዘፈን በአጭር እንግሊዝኛ ተናገሩ።
• ከማን እንደተማራችሁት ግለጹ፤ ያስተማራችሁን ሰው ቀድማችሁ አስፈቅዱ።

4. ወረቀታችሁን ክረምቱ ሳይገባ ጨርሱ

የረጅም ጊዜ ኮርሶች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት በእነርሱ ኦገስትና ጃንዋሪ ነው። ኦገስት የእኛ ነሐሴ ግድም ነው፤ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን የሚያጥለቀልቁበት ወር። በዚያ ላይ ባለፉት ዓመታት በክልላችን መንገድ የሚዘጋበትና ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ ስለነበረ የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ።

ፓስፖርት፣ የልደት የምስክር ወረቀትና የትምህርት ማስረጃ አስቀድማችሁ አውጡ። አስተርጉማችሁም በሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስመስክሩ። ትምህርት ቤቱ ሲቀበላችሁ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፤ አሻራና ፎቶ ግን በአካል ስለሚሰጥ የአዲስ አበባ ጉዞን ወጪ አስቡ። ራሳችሁን የምታስተዳድሩበትን ገንዘብም ማሳየት አለባችሁ። በሆይስኮሌ ፈቃድ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ «ሄደህ ሠርተህ ትከፍላለህ» የሚል ሰው ቢመጣ አትመኑት። ለዚህ ሲባል በሬም መሬትም አይሸጥ።

5. የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እወቁባቸው

ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ ሰው በአካባቢው አስተዳደር ተመዝግቦ የግል ቁጥርና ቢጫ የጤና ካርድ ያገኛል፤ ይህን ቀድማችሁ ፈጽሙ። ሰዓት ይከበራል፤ አምስት ደቂቃ ማርፈድ እንደ ንቀት ይቆጠራል። መምህሩን «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ማለት የለም፤ ሁሉም በስሙ ይጠራል። ይህ ክብር ማጣት ስላልሆነ አይክበዳችሁ። ጠዋት ሁሉም ተሰብስቦ ከመዝሙር መጽሐፍ አብሮ ይዘምራል፤ ሳህን ማጠብም በተራ ነው፤ ወንድ ሴት አይልም። ሥራ በጾታ የማይከፈልበትን የአውራ አምባ መንደር የሚያውቅ የፎገራ ልጅ ይህ አይገርመውም።

የምትጾሙ ከሆነ የጾሙን ወራት ለወጥ ቤቱ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ «ቬጋን» ብትሉ ወዲያው ይገባቸዋል። ክረምታቸው ከባድ ነው፤ በታኅሣሥ የቀን ብርሃን ሰባት ሰዓት ያህል ብቻ ይቆያል። ብርሃን ማጣቱ ስሜትን ያከብዳል። ቀን ቀን ውጡ፣ ከሰው ጋር ብሉ፤ ኀዘኑ ከበረታ ለመምህር ወይም ለሐኪም ንገሩ።

6. በክፍል ውስጥ

እስክስታ ትከሻን፣ አንገትንና ደረትን ያሠለጥናል። የዘመናዊ ዳንስ ክፍል ደግሞ ወለል ላይ መውደቅንና መንከባለልን፣ ክብደትን ለሌላ ሰው መስጠትን ይጠይቃል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ጉልበትንና ወገብን አጠንክሩ። በልምምዱ መነካካት አለ፤ የማትፈልጉትን ንክኪ «አይሆንም» ማለት መብታችሁ ነው፤ በተለይ እኅቶቻችን ይህን ይወቁ። ያልገባችሁን ጠይቁ። በእኛ ዘንድ ዝምታ ጨዋነት ቢሆንም፣ እዚያ ግን ሐሳብ እንደሌላችሁ ሊቆጠርባችሁ ይችላል። የሌሎችን ሥራ ተመልክታችሁ አስተያየት ስጡ፤ ማታ ማታም የተማራችሁትን በማስታወሻ ጻፉ።

7. መመለሻውን ከአሁኑ አስቡ

አንጋፋው የቴአትር ባለሙያ ተስፋዬ ገሠሠ አሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምሮ ተመልሷል፤ ሀገር ፍቅርንና ብሔራዊ ቴአትርንም መርቷል። የእርሱ ትምህርት ለአገር የተረፈው ይዞት ስለተመለሰ ነው። እናንተም ስትመለሱ የምትሠሩትን አንድ ነገር ከመሄዳችሁ በፊት ጻፉ፤ የልጆች ቴአትር ቡድን ሊሆን ይችላል፣ የአረም ዘፈኖች ስብስብም ሊሆን ይችላል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ መድረክ ሲመርጥ ሙያ መምረጡ መሆኑን ተረድታችሁ ምከሩት። ወጣቶች፣ ለማንም ደላላ አንድ ብር አትክፈሉ። ከትምህርት ቤቱ ጋር በቀጥታ ተጻጻፉ፤ ሥራችሁን ደግሞ በዚህ ሳምንት፣ ከሰፈራችሁ አንድ ዘፈን በሚገባ በመማር ጀምሩ።